የአንድ ቀን አያት

ይድረስ ዊኒፔግ ነርስነት ለምትማሪው ለልጄ ለዶሪን። እንዴት ከርመሻል? እኔ ጉልበቴ ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ደህና ነኝ። ሐይቁም በረዶ መያዝ ጀምሯል።

ባለፈው ሳምንት የልጅሽ የቢዳባን ትምህርት ቤት አያቶችን ጋብዞ ነበር። እሷ ግን እኔን ትታ ጎረቤታችንን ፊንላንዳዊውን ኤይኖን ይዛ ሄደች! ያውም በእኛ በአገሬው ነባር ሕዝቦች ወግ፣ ሽማግሌ እንደሚለመነው፣ ትምባሆ አስጨብጣ ለምናው። እሱ ምን ያውቃል፣ ስጦታ መስሎት በፒፓው አጨሰው። እኔ በመስኮት እያየሁ በቅናት ተንጨረጨርኩ። እዚያም ሁለታችን ጎን ለጎን የዘረጋነውን የባቡር ሐዲድ ብቻውን የዘረጋው አስመስሎ አውርቶ ተጨበጨበለት አሉ።

ስትመለስ፣ «እመቤቴ፣ ያ መላጣ በምን በለጠኝ?» አልኳት።

«እሱን የክፍሌ ልጆች ‹ላባህን የት ጣልከው? ዝናብ ጥራልን› እያሉ አይስቁበትማ፣ አባባ።»

«ላባዬን ዶሮዎች ተውሰውታል በያቸው!»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን እንደ ድሮው አልቆየም።

ሌላ ደህና ነው። ትናንት እንዳይስቁብኝ ሹሩባዬን ቁረጥልኝ ብላኝ፣ መቀሱ ጠፍቷል አልኳት። መቀሱ ያለው ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስቀመጥ እየወጋኝ ስለሆነ፣ ገናን ሳትጠብቂ ለቅዳሜ ነይ።

በደህና ያገናኘን።

በመላጣ የተበለጠው አባትሽ፣ አምብሮዝ