በጾም ስለ ወፈረው ውሻዬና ስለ ቅዳሜው ሥጋ

መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ
የከተማችን የውሻ ምዝገባና ቁጥጥር ሹም
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከአዲስ አበባ ወደኛ ከመጡ ወዲህ ውሃው እንዲስማማዎት፣ የደጀን መንገድ አቧራ ከደረትዎ እንዲለቅልዎት፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን በየዕለቱ እጸልያለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ። ስሜ ባንቺዓለም አካለ ወልድ ይባላል። ከገበያው በታች ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ካሉት ቤቶች የመጨረሻው የእኔ ነው። ባሌ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ አብረውኝ ያሉት ሁለት ላሞች፣ አንዲት ጥጃና አይደፈር የሚባል ውሻ ናቸው። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ዳዊት አስደግመው ብዕርም ስላስጨበጡኝ፣ እርስዎ ትእዛዝዎን ባስለጠፉበት ግድግዳ ላይ ይህን ደብዳቤ ከጎኑ ለመለጠፍ ደፍሬያለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢነበቡ ለሕዝቡ ይቀለዋል ብዬ ነው።

ትእዛዝዎን ሦስት ጊዜ አንብቤ፣ ፊደል ላልቆጠሩት ጎረቤቶቼም ጮክ ብዬ አንብቤላቸዋለሁ። በቤት ፍርፋሪ የሚያድር ውሻ በሽታ አምጪ ስለሆነ ከእንግዲህ ውሻ ሁሉ ከፋብሪካ የመጣ፣ በቆርቆሮ የታሸገ የውሻ ምግብ ብቻ እንዲበላ፤ ባዶውን ቆርቆሮ ለጽሕፈት ቤትዎ ላሳየ ሰው ለውሻው አንገት ቁጥር ያለው ምልክት እንዲሰጠው፤ ምልክት ለሌለው ውሻ ግን የፊታችን ቅዳሜ መርዝ የገባበት ሥጋ እንዲጣልለት፤ ውሻውን አስሮ ወይም ቤት ዘግቶ የደበቀ ሰው እንዲታሰር አዘዋል። አጭርና ግልጽ ነው፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ ብቻ፣ በማስተዋል ጉድለት ይሁን በሌላ፣ ያልገቡኝን ነገሮች በተራ ቁጥር ለማቅረብ እለምናለሁ።

፩ኛ/ ትእዛዝዎ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ በዚህ በጾም ወራት በየቤቱ ሥጋ ሳይኖር የከተማው ውሾች ወፍረው መታየታቸው ጥንብ የሚበሉ፣ ጌታም የሌላቸው መሆናቸውን ያረጋግጣል ይላል። ምነው ሸዋ! ይህን ያህል የተማረ ሰው ለከተማችን በመሾሙ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ነገር ግን ከተማሩት ሁሉ አንዲት ነገር አምልጣዎታለች። ላም ሁዳዴን አትጾምም። እኛ ብንጾምም እሷ ትታለባለች፤ ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል፣ አሬራውን ግን የሚጠጣ ሰው በቤት የለም። ታዲያ ማን ይጠጣው? አይደፈር ይጠጣዋል። ጠዋት የገብስ ቂጣ ቆርሼ በአሬራ እፈተፍትለታለሁ፤ ማታ ደግሞ ከሽሮው ድስት ሥር የቀረውን ከደረቅ እንጀራ ጋር አሽቼ እሰጠዋለሁ። ከቢቸና እስከ ጉንደ ወይን ያለ ውሻ ጠጉሩ የሚያብረቀርቀው በሁዳዴ ነው፤ ፋሲካ አልፎ አሬራው የሰው ሲሆን እንደገና ይከሳል። ይህንን እዚህ ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። እርስዎ አንድ በር አንኳኩተው ቢጠይቁ ኖሮ፣ ቀለሙም ወረቀቱም መርዙም ይተርፍልዎት ነበር።

፪ኛ/ የታሸገው ምግብ ሥጋ ነው ስለተባለ፣ ለመታዘዝ ከመቸኮሌ በፊት የነፍስ አባቴን ቄስ ገብረ ክርስቶስን፣ ውሻ በሁዳዴ ሥጋ ቢበላ ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ስቀው፣ ለውሻ ጾም አልታዘዘም፣ ሥጋውን ማን እንዳረደው ግን ሹሙን ጠይቂልኝ አሉኝ። ይኸው ጠየቅሁልዎት። ማን አረደው?

፫ኛ/ ምግቡ የሚገኘው ሞጣ ባሉት ነጋዴ በአቶ ይማም ሱቅ መሆኑን ስላስታወቁን፣ በዚያው ሰሞን ላሞቼን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ፣ በጤፍ ጭነት ላይ ተንጠልጥዬ ሞጣ ሄድኩ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማው ፈንድቶ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ዋልን፤ እንኳን ለውሻ ለልጅም እንዲህ ዓይነት መንገድ አልሄድኩም። አቶ ይማም እግዜር ይስጣቸው ከነአቧራዬ ተቀብለው፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዑሙሰልማም የጾም መሆኔን አይታ ደረቅ ዳቦና ሻይ አቅርባልኝ አረፍኩ። አቶ ይማም የነገሩኝን እንደ ወረደ ላስቀምጠው፦ ሹሙ አምጣ ስላሉኝ አንድ ካርቶን አስመጣሁ፤ ማን እንዳረደው ስለማላውቅ በእጄም አልነካሁትም፣ በጨርቅ ይዤ ነው የደረደርኩት፤ እሱንም ሹሙ እስከ መጨረሻዋ ቆርቆሮ ለራሳቸው ውሻ አስወስደውታል፤ ሌላ የሚመጣው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ቄሳችንና አቶ ይማም በአንድ ጥያቄ ሲገናኙ በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነውና፣ ስላስታረቁልን አመሰግናለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዚህ ከተማ ባዶ ቆርቆሮ ያለው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት። ምልክት ያላትም አንዲት ውሻ ናት፤ እሷም ከአዲስ አበባ ይዘዋት የመጡት ሌዲ ናት፤ ቁጥር አንድ። ቁጥር ሁለትን እስካሁን ያየ የለም። ሌላው ውሻ ሁሉ ሊገዛ በማይችለው ምግብ ምክንያት ቅዳሜ ይሞታል ማለት ነው። አንብቤ የተረዳሁት ይህን ነው፤ ተሳስቼ ከሆነ እባክዎ እዚሁ ግድግዳ ላይ ያርሙኝ።

፬ኛ/ አይደፈር ምን እንደሚሠራ ምናልባት አልተነገረዎትም። አምና በነሐሴ ጅብ አጥሩን ጥሶ ጥጃይቱን በእግሯ ሲይዝ፣ እስክደርስ ድረስ አንገቱን ነክሶ የያዘልኝ እሱ ነው። ቀኝ ጆሮው እዚያው ቀረ፤ ጥጃይቱ ግን ይኸው ዛሬም አለች። በእኔ ቤት ወንድ የለም፣ ጠመንጃም የለም፣ ከኋላዬም ሌላ ቤት የለም። አገራችን የቅኔ አገር ስለሆነ ነገርን ጠቅልሎ መናገር እወድ ነበር፤ ይህን ግን ሳልጠቀልል ልንገርዎት፦ እፈራለሁ። ቅዳሜ እሱ ከሞተ እሑድ ላሞቼን ይዤ የማድርበትን አላውቅም። ትእዛዙ ከተለጠፈ ጀምሮ ምግብ ስሰጠው እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ፣ እሱም እየሸተተ ያየኛል።

፭ኛ/ ይህን ላነሣው አልፈለግሁም ነበር፤ የሰው ቤት ገመና ነውና። ክብርት ሌዲ ላለፉት ሦስት ሳምንታት ቁርስ የምትበላው እኔ ቤት ነው። መጀመሪያ በአጥሩ ሾልካ ስትገባ የጎድን አጥንቷ ይቆጠር ነበር፤ እኔስ የታመመች የበግ ጠቦት መስላኝ ነበር። አይደፈር ጮኸ፣ አየት አደረጋት፣ ከዚያ ከገበታው ፈቀቅ አለላት። የገብስ ቂጣውን በአሬራ ልሳ ስትጨርስ ገበታውን ገልብጣ ሥሩን አሸተተች። በነጋታው ተመልሳ መጣች። ሦስት ጊዜ በገመድ ይዤ እስከ በርዎ አድርሻታለሁ፤ በሦስተኛው ጊዜ ከግቢዎ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እንጀራው እንዳይቋረጥ አልናገርም፣ እባክሽ እዚያው ትዋል፣ እዚህ ቆርቆሮው ሲከፈት ፊቷን ታዞራለች፣ ምግቡን የምንቀብረው እኛ ነን አለኝ። ይሄን ስሰማ ለእርስዎ አዘንኩ። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ምግብ ጉድጓድ ሲገባ ማየት ለሹምም ቢሆን ከባድ ነው።

ደግሞም ያለ ምስጋና አልዘጋም። የከተማችንን ጤና በማሰብዎ አመሰግናለሁ። ያበደ ውሻ ቢኖር እኔው ራሴ ዱላ ይዤ ከፊት እቀድማለሁ፤ እስካሁን ግን ያበደ አላየንም፣ የጠገበ እንጂ። የምለምንዎት ትልቅ ነገር አይደለም። የቅዳሜውን ሥጋ ያስቀሩልን፤ እስከዚያም አንድ ጠዋት እቤቴ ድረስ ብቅ ብለው ሁለቱ ውሾች ከአንድ ገበታ ሲበሉ በዓይንዎ ይዩ። ወንበር አለኝ። አሬራ ግን ጾመኛ ስለሆኑ አልጋብዝዎትም፤ እሱ የነሱ ነው።

ጤና፣ ዕድሜና የሰላም እንቅልፍ እየተመኘሁልዎት፣ ከግድግዳው ሥር ቆመው ከሚያነቡትና ከሚያስነብቡት ወገኖቼ ጋር እጅ ነሥቼ የምሰናበት፣ ትእዛዝዎን ቃል በቃል የምታከብር ትሑት አገልጋይዎ፣

ባንቺዓለም አካለ ወልድ

ግልባጭ፦
ለቄስ ገብረ ክርስቶስ፣ መልሱን ለሚጠብቁት
ለአቶ ይማም፣ ሞጣ
ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሌዲ ትናንት በአጥሩ ስትሾልክ ቁጥር አንድ የተጻፈባት ምልክት እሾህ ይዟት ወድቃ አገኘኋት። ልመልስልዎት ብመጣ ጽሕፈት ቤትዎ ተዘግቷል፤ እንዳትጠፋብዎ ብዬ አይደፈር አንገት ላይ አስሬያታለሁ፤ ልኩ ነች። ሌዲ አሁን አንገቷ ባዶ ነው፤ እርስዎ ዘንድ ለማደርም እምቢ ብላለች። ሥጋ ሲወረወር ከሁለቱ ቀድማ የምትነሣው ደግሞ እሷ ናት። ቅዳሜ እንድትተርፍ ላስራት ነበር፤ ነገር ግን ውሻውን ያሰረ ሰው ይታሰራል ብለው አዘዋልና፣ አላስራትም።