ገነነ የለሰነው ግድግዳ

ለልጄ ለውዳሴ፤

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይ? ባለቤትሽ አንዷለም እንዴት ነው? ምሥጋና ትምህርቷን ያዘች? እስካሁን ያላቀፍኩት ሃይለ ሚካኤልስ ቆሞ መሄድ ጀመረ ወይስ ገና ይድሃል? የጅግጅጋ አቧራ ደረቱን እንዳይዘው እያልኩ እሰጋለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ስልሽ ቆመን እንሄዳለን ማለቴ ነው። የማንኩሳው ጤፍ ታጭዶ ተከምሯል። በርበሬውም ዘንድሮ አልከፋም፤ ይህን ወረቀት በሚያደርስልሽ በነጋዴው በጋሹ እጅ ትንሽ ልኬልሻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ይያዛል። በወረቀት ግን ቀስ ብዬም ቢሆን እጨርሰዋለሁ።

ልጄ፣ ምስልሽ የማይመጣው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ገነነ የሠራውን ግድግዳ አንቺ አላየሽውም፤ አንቺ ካገባሽ በኋላ ነው። ዲሽ ተከላ ሥራው አይደል፣ አንድ ክረምት እንዳለፈ የእኛን ቤት ያዘ። ከጣሪያው የሚወርደውን የዲሽ ገመድ፣ ከመንገዱ ምሰሶ የሚመጣውን የኢንተርኔት፣ የቴሌቪዥኑንና የድምፅ ማጉያውን ሁሉ አንድ ላይ በግድግዳው ውስጥ ሊያሳልፍ ፈለገ። ማገሩን ሳይነካ ጭቃውን ብቻ በመሮ ከፈተና ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ አቆመበት። ገመዶቹን በቱቦው ውስጥ ሰደደ። እኔ ጭድ እየነሰነስኩ እሱ ጭቃውን በእግሩ ረገጠ፤ ከዚያም በመዳፉ ለሰነው። ለማይታይ ነገር ይህን ያህል ድካም ምንድን ነው ብለው፣ “እምዬ፣ እንዳይታይ እኮ ነው የምደክመው! የሰው ቤት አሳምሬ የእናቴ ቤት እንደ ልብስ ማስጫ ከተንጠለጠለ ደረሰ መሳቂያ ያደርገኛል” አለኝ። ደረሰ አብሮት የሚሠራው ጓደኛው ነው። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የጣቶቹ መስመር እስካሁን በጭቃው ላይ ይታያል።

ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍም አሳይቶኝ ነበር። ከቴሌቪዥኑ በላይ እስከ ኮርኒሱ ድረስ ሚስማር እንዳይመታ ብሎኛል። እኔ ግን ዘንድሮ መስቀል እንዳለፈ የገነነን ፎቶግራፍ በፍሬም አስገብቼ ሳመጣ፣ የገባ ሰው ሁሉ እንዲያየው ብዬ ዓይኔ እዚያው ላይ አረፈ። በመዶሻ መታሁት። በዚያው ምሽት በምስል ስትደውዪ ድምፅሽም ምስልሽም አልመጣም።

ደረሰን ጠራሁት። መሞከሪያውን በሁለቱም ጫፍ ሰክቶ አየና፣ “እትዬ እልፍነሽ፣ ሚስማሩ ቱቦውን በስቶ የኢንተርኔቱን ገመድ ቆርጦታል። አንድ ክንድ የሚሆን ግድግዳ ልክፈትና ልቀይረው” አለኝ። የልጄን የእጅ ሥራ አታፈርስም አልኩት። እንግዲያው በግድግዳው ፊት ላዙረው ቢለኝ፣ ገነነ የማይወደውን ነገር ልታደርግበት ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ። “ታዲያ በአየር ላስገባልዎ?” ብሎ ሳቀ። እኔም ከቤት አስወጣሁት።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን እትዬ አደይ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። ደውለሽላት፣ “እናቴ ፊቴን ማየት ጠልታለች፤ ለገነነ ሞተሩን የገዛሁለት እኔ ስለሆንኩ ነው” ብለሽ እንዳለቀስሽ ነገረችኝ። ተነሥታ ቆመችና፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ለጭቃ ስትሳሺ የወለድሻትን ልታጪ ነው?” አለችኝ።

በገነነ ለቅሶ ዕለት ደረቴን እየመታሁ “ምነው ያ ሞተር ባልተገዛ” ብያለሁ። ድንኳን ሙሉ ሰው ሰምቶኛል። አንቺ ያኔ የሳምንት አራስ ነበርሽ፤ ወንድምሽን ለመቅበር እንኳ አልታደልሽም። ያች ቃሌ ግን ያን ሁሉ አገር አቋርጣ እንደደረሰችሽ የገባኝ አሁን ነው። መሰላልና የዲሽ ሳህን ተሸክሞ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሲንከራተት አሳዝኖሽ ነው የገዛሽለት። ሞተሩ የመጣ ዕለት እልል ያልኩት እኔ አይደለሁም ወይ? ከኋላው ተፈናጥጬ ገበያ የሄድኩት፣ ጎረቤቱን ሁሉ ኑ እዩ ያልኩት እኔ ነኝ። የደምበጫው መንገድ ላይ ሞተሩ ገልብጦ እንደሚገድለው አንቺ በምን ታውቂያለሽ?

ከተናገርኩ አይቀር ሌላም አለ። ለግድግዳው ብቻ ብዬ አይደለም ደረሰን የከለከልኩት። ያችን ቃል ከተናገርኩ ወዲህ በስልኩ ዓይንሽን ባየሁ ቁጥር እሸማቀቅ ነበር። ገመዱ ሲቆረጥ የተገላገልኩ መሰለኝ። አንቺ በዚያ እንዲህ እንደምትቃጠዪ አላሰብኩም። ይቅር በዪኝ ልጄ።

እትዬ አደይ በተቆጣችኝ ማግስት ደረሰን ለምኜ አመጣሁት። ያስወጣሁትን አላነሣብኝም። መሮውን ሰጠኝና መጀመሪያ እርስዎ ይክፈቱ አለኝ። ጭቃውን ውኃ አርከፈከፍኩበትና ቀስ እያልኩ ፈቀፈቅሁት። እሱ የአዲሱን ገመድ ራስ ከአሮጌው ጫፍ ጋር አስሮ በፕላስተር ጠቀለለው። ከዚያ በውጭ በኩል ሊስብ ሄደ፤ እኔ ከውስጥ እንዳቀብለው ነገረኝ። ቢስብ ቢስብ አልመጣ ሲለው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ “ይልቀቁት እንጂ እትዬ! ገመድ ጉተታ ገጠሙኝ እንዴ?” አለኝ። ለካ ጨብጬ ይዤዋለሁ። ለቀቅሁት፤ በመዳፌ ውስጥ እየተንሸራተተ ሄደ። የተከፈተውን ቦታ ራሴ ለሰንኩት። እንደ እሱ አላማረልኝም።

አሁን ይሠራል። ዛሬውኑ ልደውልልሽ እችል ነበር፤ ፊቴን ከማየትሽ በፊት ይህን እንድታነቢ ፈልጌ ነው።

የገነነ ሙት ዓመት ታኅሣሥ 20 ነው። በለቅሶው የነበሩት ሁሉ ይመጣሉ። ያን ዕለት በምስል ደውዪልኝ፤ ደረሰ ጥሪሽን በቴሌቪዥኑ ላይ ሊያወጣልኝ ቃል ገብቷል። ከቀብሩ ጀምሮ የሸፈንኩበትን ነጠላ አነሣለሁ። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን ከፈተች የሚል ካለ ይበል። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት እመልሰዋለሁ፤ አንቺን እያዩ ይስሙኝ። ልብሽ እሺ ካላለሽ አልቀየምሽም። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ከእጄ አላወጣም።

ገነነ ቢኖር አንዷለምን “እህቴን ስለያዝክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ይለው ነበር፤ እኔም በእሱ ቦታ ሆኜ ሰላም ብዬዋለሁ። ምሥጋናን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለአያትሽ ሥዕል ሥዪላት በያት። እትዬ አደይ ሰላም ብላሻለች፤ ደረሰም እንዲሁ። ሃይለ ሚካኤልን ግን ያን ዕለት አታስተኚው። ታቅፈሽው ቅረቢ፤ አጎቱ የሞተው በእናቱ እጅ እንዳልሆነ ስናገር እሱም ይኑር።

እናትሽ እልፍነሽ

ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.