ለራጅ ክፍላችን ገመድ መነቀል የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታላችን የቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዋይፋይዎ ብልጭ ድርግም ሳይል እንዲጸና እመኛለሁ። እኔ የምድር ቤቱ የራጅ ባለሙያ ግን ደህና ነኝ ለማለት አልደፍርም።

አምና የኔትወርክ ገመድ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው ብለው በየግድግዳው ሥር የሚሄደውን ሁሉ አስነቅለው፣ የየዕለቱ ራጅ መጠባበቂያ ቅጂ በዋይፋይ ወደ ዋናው ማስቀመጫ እንዲላክ ስላዘዙ ክፍላችን ለዓይን አምሯል፤ ስለዚህም እያመሰገንኩ ጥቂት ቅሬታዎቼን በትህትና አቀርባለሁ።

፩. በራችን ጨረር እንዳያሳልፍ በእርሳስ ማዕድን የተለበጠ ነው። ጨረር የሚያግድ በር ዋይፋይዎንም አያከብርምና፣ በሩ ሲዘጋ ቅጂው ይቋረጣል፣ ሲከፈት ደግሞ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ በሽተኛ ስለማይጠፋም እንደተዘጋ ይውላል።

፪. ይህንኑ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ባመለክት፣ በሩን ከፍቼ እንድሠራ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ነፍሰ ጡሮች ግን ምስጋናዬን የሚጋሩ አይመስለኝም። በምሳ ሰዓት በሩን በወንበር ደግፌ ብጠብቅ ቅጂው አሥራ አራት በመቶ ላይ ሳለ ሰዓቱ አለቀ።

፫. ባለፈው ወር ኮምፒውተራችን ላይድን ተበላሸ። ቅጂው አለ ብለን ዋናውን ማስቀመጫ ብንከፍት የስምንት ወር ራጅ የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለካ ይህ ኖሯል።

አራተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ አልሆነልኝም። ሳል የጸናባት አንዲት ልብስ ሰፊ ሰሞኑን መጥታ ሳንባዋ ላይ ጥላ ታየ። ሐኪሟ የጠየቀው ከስድስት ወር በፊት ያነሳኋትን ራጅ ብቻ ነው፤ ጥላው ያኔም ከነበረ የቆየ ጠባሳ ነውና ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ ካልነበረ ግን ደረቷ መከፈት አለበት። ያኔ ፊልሙን ስትጠይቀኝ ኮምፒውተር ውስጥ አለልሽ ብዬ የመለስኳት እኔው ነኝ። ለሐሙስ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላታል፤ ምናልባትም በከንቱ። ትናንት ኮሪደሩ ላይ ልጆቿን ለእህቷ አደራ ስትል ሰማሁ። አፈርኩ፤ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እንቅልፍም አጣሁ፤ ይኸው እንቅልፍ ማጣት እርስዎንም እንዲጎበኝዎ ከልብ እመኛለሁ።

እምቢ ብሎ በሩን ዘግቶ መሥራቱን የቀጠለው ታዛዥዎ፣
የምድር ቤቱ የራጅ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ለሚጠብቁ ሁሉ

ማስታወሻ፦ ትናንት ለአቤቱታ ወደ ቢሮዎ ብመጣ፣ ከሕንፃው ሁሉ ያልተነቀለች አንዲት ገመድ ከኮምፒውተርዎ ጀርባ ተሰክታ አየሁ። ጸሐፊዎ እንዳስረዳችኝ ከሆነ ያስቀሯት ፋይሎችዎ እንዳይጠፉ ሰግተው ነው። ለካ ገመድ ምን እንደሚጠቅም ያውቁ ኖሯል።