የወንድምዎ ሰላምታ

ይድረስ ለምወድዎ እትዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የእኛን ከጠየቁ ቤቱም ልጆቹም ደህና ናቸው።

ወንድምዎ ያው ማስተማሩን ይዟል። ቢሮ የሚጋራው መምህር ክፍል ውስጥ ወድቆ ካረፈ ወዲህ የእሱንም ኮርሶች ደርቦ ያስተምራል፤ እምቢ ማለት መቼ ያውቅበታል። ሰሞኑን ቀኝ እጁ እየደነዘዘ ስላስቸገረው ሰሌዳ ላይ በግራው ይጽፋል። ተማሪዎቹ «ዶሮ የጫረው መሰለ» ብለው ሲስቁ እሱም አብሯቸው ይስቃል አሉ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው «ፈተናውን አርሜ ልጨርስ» ይለኛል። ሟቹም ሚስቱን የሚላት ይህንኑ ነበር።

ሴሚስተሩ ሳያልቅ ብቅ ቢሉ ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።

በሰላም ያገናኘን።
አክባሪዎ፣ የወንድምዎ ሚስት

ከዚህ በታች ሁልጊዜ በእጁ ሰላምታ ይጽፍልዎት የለ? ዛሬም እስክሪብቶውን ሰጥቼው ነበር። ጥቂት ይዞት ቆየና «አንቺው ጻፊልኝ» ብሎ መለሰልኝ።

«እትዬ፣ ናፍቀሽኛል።»