ደስዬ፣ የከሳሁት በሐዘን አይደለም

ውድ ባለቤቴ ደስዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን አለህ ብልህም መልስ የለህም፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ወሬው ልግባ። ቤታችን ደህና ነው። የጓሮው በር ተጠግኗል። ልጃችን ትዕግሥት ባሕር ዳር ትምህርቷን ቀጥላለች። እኔም እዚሁ ሰቆጣ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ። የተለወጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ፤ በመንገድ ብታገኘኝ ሳታውቀኝ ታልፈኛለህ።

አትሳቅ። በአርባ ስምንት ዓመቴ ሸንቃጣ መሆን አምሮኝ አይደለም። ከሙት ዓመትህ በኋላ ጉልበቴን አሞኝ ጤና ጣቢያ ብሄድ ስኳሬን ለኩኝ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። ያንን ዝምታ ካንተ ጋር ሐኪም ቤት ስመላለስ ስለለመድኩት ስንት ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅኳትም። ፈራሁ፣ ደስዬ። ትዕግሥት አባቷን በቀበረች ማግስት እናቷንም ልትቀብር ነው ብዬ ፈራሁ።

መጀመሪያ የተማመንኩት በጾሙ ነበር። ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እየዋልኩ፣ ፋሲካ ሲደርስ ብመዘን ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ። ለካ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ የቀኑን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የምበላው። ከዚያ ወዲያ የራሴን መላ አበጀሁ። ከሰው ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ተውኩ፤ ከትሪ ሲበላ የት እንደደረሱ አይታወቅም፣ ጉርሻውም አለ። አንድ ሳህን ለየሁ። ግማሽ እንጀራ፣ ሽሮው ትንሽ፣ ጎመኑ በዛ ያለ፤ ካለቀ አለቀ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሥራ ከመግባቴ በፊት ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ እስኪያልበኝ እራመዳለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ካለ ድንጋይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ይቅር በለኝ፣ ያለቀስኩት ለአንተ ሳይሆን ለጉልበቴ ነው።

ያስቸገረኝ ሰው ነው። እኛ ዘንድ የወፈረ አምሮበታል፣ የከሳ ይታዘንለታል። ጎረቤቱ ሁሉ ሐዘን ጨረሳት አለ። ሳህን ለይቼ ስበላ ያዩኝ ደግሞ በሽታ ደብቃለች አሉ። የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ ቤት ድረስ መጥተው ለሐዘንም ልክ አለው ብለው ገሠጹኝ፣ ጸበልም አዘዙልኝ። እኔ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ዝም ያልኩት ስለተመቸኝ ነው፤ ባሏን እንዲህ ትወድ ነበር መባል ደስ ይላል። ባዘንኩልህ ወራትማ ሰው ያመጣልኝን ሁሉ እየበላሁ በውፍረቴ ላይ ወፍሬ ነበር።

ባለፈው ወር እናትህ ከፃግብጂ መጡ። እንዳዩኝ ደረታቸውን መቱ፤ በኽምጣንጋም በአማርኛም እያቀላቀሉ ለልጄ እንዲህ ያዘነችለት ብለው መረቁኝ። ከዚያ ከነጠላቸው ሥር አንድ ቅል ሙሉ ነጭ ማር አውጥተው በዚህ ሰውነትሽ ይመለስ አሉኝ።

ያ ማር፣ ደስዬ። ሐኪሙ የስኳር በሽታ ነው፣ ስኳር ተው ሲልህ ስኳሩን እርግፍ አድርገን ተውነው፤ በምትኩ በሻይህም በዳቦህም የእናትህን ማር አደረግን። ስኳር የፋብሪካ ነው፣ ማር ግን መድኃኒት ነው እያልን። አንተ ሒሳብ አስተማሪ፣ እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ሁለት የተማርን ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ስለ ማሩ ሐኪሙን አልጠየቅነውም። ማርም ያው ስኳር መሆኑን ነርሷ የነገረችኝ እኔ ራሴ ስታመም ነው። የገደለው ማሩ ብቻ አይደለም፣ ራስሽን አትውቀሺ ብላኛለች። ማንኪያውን የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ፤ ይህ ከልቤ አይወጣም።

እናትህን እንቢ ካልኩ ምክንያቱን መንገር ግድ ሆነ። ስኳር አለብኝ፣ የከሳሁትም በሐዘን ሳይሆን ለመኖር ብዬ ነው፣ ማርም ተከልክያለሁ አልኳቸው። እናትህ ሞኝ አይደሉም። «ልጄስ? የሰደድሁለት ማርስ?» አሉ። ቅሉን ከፊቴ አንስተው ጉያቸው ሸጎጡት።

«እማማ፣ እሱ አንዲት ማንኪያ አልቀመሰም። የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ እንዴት ወፍራም እንደነበርኩ ያውቁ የለ?» አልኳቸው።

ያ ሁሉ ውፍረቴ መስክሮልኝ አመኑኝ። ከዚያማ ቁጣው ወረደብኝ! ለልጄ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ የሰደድሁትን አንቺ ስትግጪው ከረምሽ አሉኝ። ይሁን፣ ከጸጸት ቁጣ ይሻላቸዋል። ሲሄዱም ሳይስሙኝ ሄዱ። አሁን ፃግብጂ ውስጥ የባሏን ማር የጨረሰች ሆዳም እየተባልኩ ነው አሉ። ይበሉኝ።

እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ዳገቱን ስወጣ፣ ሻዬን ባዶውን ስጠጣ፣ አንተ ይህን ዕድል እንዳላገኘህ አስባለሁ። አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። እናትህ አንድ ቀን ወደ አንተ ይመጣሉ፤ ከሁሉም አስቀድመው የሚጠይቁህ ስለ ማሩ ነው። አደራህን፣ አልቀመስኩም በላቸው።

ባለቤትህ