የልብስ ሰፊው እጅ

ጥር 6
ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድ ሳስተካክል አርፍጄ፣ የምሳ ሰዓቴን ይዤ ወደ ማኅበሩ ሮጥኩ። ታፔላውን ፀሐይና ዝናብ ጨርሶታል። “የ... ድጋፍ ማ...” ብቻ ነው የሚነበበው። ሁለቴ አልፌው ሄድኩ።

ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ለሰፈሩ ችግረኛ አዛውንቶች በየቀኑ ምሳ ሲያበሉ አሥራ አንድ ዓመታቸው። “ልጄ፣ ማንም አያውቀንም። የሚረዳንም እያነሰ ነው። ስሙንም መልኩንም ለውጪልን” አሉኝ። በነፃ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? እንጃ... ቢያንስ የሠርግ ካርድ አይደለም።

ጥር 11
“ማዕድ” አልኩት። ሰብሳቢዋ ወደዱት። እህቴ ግን፣ “ማዕድን ፍለጋ ነው እንዴ የገባሽው?” ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች። ከእሷ ጋር አንድ ቤት መኖር ራሱ በጎ ፈቃድ ነው።

ጥር 19
ዛሬ ፎቶ አነሳሁ። ፊት አላነሳም ብያለሁ፤ ሰው ማዋረድ ነው። እጅ ብቻ። ወረፋው ላይ አንድ ሽማግሌ አየሁ። የተተኮሰ ኮት፣ ቀጥ ያለ ወገብ። ልብስ ሰፊ ነበሩ አሉኝ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ድሮ የስፌት መኪና መርፌ ወግቶት ነው። ሳህን ይዘዋል። ያ እጅ ያንን ሳህን ሲይዝ... ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

“ጋሼ፣ እጅዎን ላንሳው? ለፖስተር ነው። ፊትዎ አይታይም።”
“እሺ ልጄ።”
የፈቃድ ወረቀት ሰጠኋቸው። ሳህኑን ወንበር ላይ አስቀምጠው ፈረሙ። ሁሉም በሥርዓቱ።

የካቲት 3
ተለጠፈ። ዳቦ ቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ አውቶቡስ ፌርማታው፣ ሁሉም ጋ ያ እጅ አለ። በሩ ላይ ደግሞ አዲሱ ታፔላ፣ ቢጫ በጥቁር፦ “ማዕድ፦ ለተቸገሩ አረጋውያን ምሳ”። ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ሰብሳቢዋ አቀፉኝ። አለቃዬ እንኳ፣ ምስጋና የማያውቀው ሰውዬ፣ “እጅሽ ይባረክ” አለኝ።

የካቲት 9
ሰብሳቢዋ፣ “ስልካችን አላረፈም” አሉ። ሩዝ በጆንያ እየገባ ነው። ደስ ብሎኛል... በጣም።

የካቲት 17
የማኅበሩ ወጥ ቤት፣ ምሳውን የምትሠራው ሴት፣ ጓዳ ጠራችኝ። “ምግብ ተረፈ” አለች፣ ድስቱን እያሳየችኝ። “ትናንትም ተርፏል። ሰው ቀረ እኮ።”
ቆጠርን። በየቀኑ ይመጡ ከነበሩት ስልሳ ሰዎች ሃያ ሦስቱ ጠፍተዋል። አዲስ የመጡ ደግሞ አሉ፤ ዘጠኝ። ፖስተሩን አይተን ነው አሉ። ሰብሳቢዋን ስጠይቅ፣ “ብርድ ነው” አሉ። ብርድ? ብርድ ሰው ከትኩስ ሾርባ ያርቃል?
ልብስ ሰፊውም የሉም። ፖስተሩ ከተለጠፈ ወዲህ አልመጡም አለች ወጥ ቤቷ።

የካቲት 18
ቀለሙ ይሆን? ቢጫው በዛ? ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ፈዝዤ ዋልኩ። አንድ ካርድ ላይ የሙሽራዋን ስም የሙሽራው አባት ቦታ አስገባሁት።
ለእህቴ ነገርኳት። አልሳቀችም።
“ያ ታፔላ በተሰቀለበት በር በጠራራ ፀሐይ ትገቢያለሽ?”
“በየሳምንቱ እገባ የለ እንዴ?”
“ለመሥራት አላልኩም። ለመብላት።”


የካቲት 21
ወጥ ቤቷ የልብስ ሰፊውን ቤት አሳየችኝ። አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ በጨርቅ የተሸፈነ የስፌት መኪና። ያለቻቸውን አንዲት ወንበር ለእኔ ሰጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ግማሹ ሰፈር ሱሪውን ያሳጠረው በዚያ እጅ ነው ለካ። ፖስተሩን አይቶ ያላወቃቸው የለም። እሳቸው ደግሞ ለጎረቤት፣ “ምሳ የምበላው ከድሮ ጓደኛዬ ጋር ነው” ይሉ ነበር። አንዱ ደግ ልሁን ባይ ፎቶውን ሩቅ አገር ላለች ልጃቸው ላከላት። ደውላ፣ “አባዬ፣ ይህን ያህል ነው?” ብላ አለቀሰች። ይህን ሲነግሩኝ መስኮቱን ነበር የሚያዩት።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? “ፈርመውልኛል እኮ!” እንደ ጠበቃ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።
“ፈርሜያለሁ” አሉ።
“ታዲያ ለምን እሺ አሉኝ ጋሼ?”
“ሳህናችሁን ይዤ እንዴት እምቢ ልበልሽ?”
አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አሁን የት እንደሚበሉ ጠየቅኋቸው። “አይጠፋም” አሉ። በር ድረስ ሸኙኝ።

የካቲት 24
ለሰብሳቢዋ ነገርኩ። ፖስተሩ ይነሳ አልኩ።
“አንድ ሰው አኮረፈ ብዬ ሌላውን ላስርብ?”
“አንድ አይደሉም። ሃያ ሦስት ናቸው።”
“ሩዙስ? እስከ ክረምት ያደርሰናል። ያመጣው ፖስተርሽ ነው። እነዚያ ዘጠኙስ?”
እውነታቸውን ነው። የጋሼም እውነት ነው። ሁለት እውነት መሐል ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ... በመጨረሻ እሳቸው ደክሟቸው፣ “ፖስተሩን አውርጂ። ታፔላዬን ግን እንዳትነኪ” አሉ።

የካቲት 26
ፖስተሩን በባልዲ ውኃና በቢላ እየፋቅሁ ዋልኩ። እህቴም መጣች። ሙጫው ጠንካራ ነው፤ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ፌርማታው ላይ አውራ ጣቱ ብቻ አልላቀቅ አለ። ጥፍሬ ተሰበረ።

መጋቢት 8
ስድስት ሰዎች ተመልሰዋል። ልብስ ሰፊው የሉም። ቤታቸው ሄጄ ነበር፤ ዝግ ነው።

መጋቢት 20
አንዲት ሴት ማተሚያ ቤት ደወለች። ዳቦ ጋጋሪ ናት። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ቤቷ ለአቅመ ደካሞች ምሳ ታበላለች። “ሰው አያገኘንም፤ እንደ ማዕድ ዓይነት ታፔላ ሥሪልን” አለች።

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። እንደ ማንኛውም ቤት ያለ አረንጓዴ በር። ማን ለምን እንደሚገባ ማን ያውቃል?
“ታፔላው ይቅርባችሁ” አልኳት።
“ሰው በምን ያገኘን ታዲያ?”
እሱን አስቤበት ነበር፣ መንገድ ላይ። ኪስ የምትገባ ትንሽ ካርድ። ሰዓትና አድራሻ፣ ሌላ ምንም። ጤና ጣቢያው ነርሶች ጋ ትቀመጥ፤ ለሚያስፈልገው ሰው ለብቻው ይስጧት። በሕይወቴ እንደዚህ ባዶ ነገር ነድፌ አላውቅም። ይሠራል? አላውቅም። ታፔላ ባለማየቱ ሳይመጣ የሚቀር ዘጠኝ ሰው ይኖር ይሆናል። እሱም ያስጨንቀኛል።

ልወጣ ስዞር ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ አየኋቸው። የተተኮሰ ኮት።  እንዳላየሁ ሆኜ ልውጣ ስል፣
“ካሜራ ይዘሻል?” አሉኝ።
“አልያዝኩም ጋሼ።”
 ከዚያ ሳህናቸውን ይዘው ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉልኝ።