በቂርቆስ ሜዳ የተረጎምኩት መሐላ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ የሻረግ፤

የጅቡቲን ሙቀት ያህል የበዛ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ፈየራስ እንዴት ነው? ትንሿ ልጃችሁን ደራርቱን በክረምቱ የያዛት ሳል ለቀቃት ወይ? ጎረቤታችሁ ጀሚላስ ደህና ናት? እኔም እማዬም አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን፤ ጤናችንም ደህና ነው። አሁን ግን የምንኖረው በአንድ ጣሪያ ሥር አይደለም። ለምን እንደሆነ እያነበብሽ ስትሄጂ ይገባሻል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽን ሰው ታውቂዋለሽና ስሙን አልጽፍም። ፍተሻ ከመጣበት ባቡሩ እሳት ውስጥ ሊጨምረው ተስማምተናል። ስለዚህ እጅሽ ከገባ እሱም በደህና ደርሷል ማለት ነው።

ፈየራ በሚሲዮኖቹ ትምህርት ቤት ቦታ ጠይቆልኝ እንደተፈቀደለት፣ ከዚያም ቤይሩት ሄጄ ሕክምና እንድማር መንገድ እንዳለ የላካችሁብኝ ቃል ደርሶኛል። መልሴን ወደ መጨረሻ እጽፈዋለሁ። በፊት አጎታችን ታዲዎስ ያመጣብኝን ጉድ ልንገርሽ። ጋሼ ማለቱን ትቼዋለሁ፤ አትቆጪኝ።

አንቺ ስትሄጂ ታዲዎስ የሰው በር ጠባቂ ነበር። ዛሬ የባንዳ አለቃ ነው። ወገቡን በቀይ መታጠቂያ ይጠመጥማል፣ ጭራ ያለው ቆብ ይደፋል። ጣልያን የሰጠው ጫማ እግሩን ስለሚልጠው መንገዱን ሁሉ በእጁ አንጠልጥሎ ይመጣና እደጃችን ሲደርስ ተቀምጦ ያጠልቀዋል። ጣልያንኛው ሦስት ቃል ነው፤ ‹ሲ ሲኞሬ›፣ ‹ሱቢቶ› እና ‹ብራቮ›፤ አዎ ጌታዬ፣ ወዲያውኑ፣ ጎበዝ ማለት ነው። አገር ለመሸጥ ሦስት ቃል ይበቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

እኔ እንደምታውቂው የጣልያን ሹማምንት በሚያሠሩት መኖሪያ ላይ በአስተርጓሚነት እሠራለሁ። ሰሌዳው ላይ ‹ካዛ ኢንቺስ› ብለው ጽፈውበታል፤ ግንበኛው ሁሉ አጣብቆ ካዛንቺስ ይለዋል። ጣልያንኛውን የለመድኩት እዚያው ከሲሚንቶው መሀል ነው። ፈረንሳይኛ ማወቄን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በየካቲቱ እልቂት ትምህርት የቀመሰውን ወጣት ሁሉ እየለቀሙ ሲረሽኑ እኔ የተረፍኩት ቢሾፍቱ አክስታችን ቤት ታምሜ ስለተኛሁ ብቻ መሆኑን ታውቂያለሽ። አብረውኝ አንድ ወንበር ላይ ከተቀመጡት ልጆች ዛሬ ሰላም የምለው የለኝም።

እንግዲህ ታዲዎስ ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ መጣ። እማዬ ያቀረበችለትን እየበላ፣ ‹ጣልያን ወጣት ይፈልጋል። ሁለት መንገድ አለልህ። አንዱ ሙሉ ወታደርነት ነው፤ ካምፕ ትገባለህ፣ የሄዱበት ትሄዳለህ። ሁለተኛው ተጠባባቂነት ነው፤ ቤትህ ታድራለህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሰለፋለህ፣ ሲጠሩህ ብቻ ትወጣለህ። በየትኛውም ብትገባ ጥቂት አገልግለህ ሮማ ትሄዳለህ፤ ትልቁን ትምህርት ቤት ትገባለህ› አለኝ። አስቢው፣ ትናንት ተማሪን እንደ ውሻ ሲገድሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ በታዲዎስ አፍ ተማሩ ይላሉ!

አላስፈልገኝም አልኩት። እሱም እጁን ታጥቦ፣ አፉን ጠርጎ፣ ‹ፈረንሳይኛ መማርህን በዚህ ሰፈር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ› አለ። ቁጣ የለበት፣ ዛቻ አይመስል፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው። ከዚያ ተነሥቶ ጫማውን በእጁ ይዞ ሄደ።

እማዬ እግሬ ላይ ወደቀች። ‹ተጠባባቂውን ያዝ ልጄ፣ ቤትህ ታድራለህ ብሎሃል› እያለች አለቀሰች። አልዋሽሽም እትዬ፣ ነገሩ እኔንም ጥቂት ቀን አባብሎኝ ነበር። ቅዳሜን ለጣልያን ሰጥቼ ሌላውን ቀን ለራሴ አስቀራለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሐኪም ሆኜ እመለሳለሁ ብዬ አሰብኩ። ሐኪም ለመሆን ስንት ነገር እንደምውጥ ስመዝን ራሴን ታዘብኩት።

ልቤን የመለሰው ሊካሳ ነው። አብሮ አደጌን ሊካሳን ታስታውሽው ይሆናል፤ ከወንዙ ዳር ያሉት ሰዎች ልጅ። በክረምቱ ተጠባባቂ ሆኖ ገብቶ ነበር። ዛሬ አንድ እግሩን መንዝ ትቶ መጥቶ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ይውላል። ሄጄ ጠየቅኩት። ‹ተጠባባቂ ማለት መኪናው እስኪመጣ የሚጠብቅ ማለት ነው። በአንድ ተራ ቀን ከእርሻ ጠርተው ጫኑን። እዚያ ስንደርስ ሙሉ ወታደሩ ከኋላ ነበር፤ ከፊት ያሰለፉት እኛን ነው። የተኮስኩበት ሰው እንደ አባቴ እያንጎራጎረ ነበር የሚተኩሰው› አለኝ። ስለ ትምህርቱስ ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ያስተማሩት ሰላምታ አሰጣጥ ብቻ ነው።

ቢሆንም ፈረንሳይኛዬን እንዳያወጣብኝ ስለፈራሁ፣ ታዲዎስ ተጠባባቂዎቹን የሚመለምለው ጣልያን ካፒቴን ዘንድ ሲወስደኝ ተከተልኩት፤ ለገሃር አጠገብ ያለው ቢሮ ነው። ካፒቴኑ ቀጭን፣ ሽቶ የሚሸት፣ ላቡን ሲጠርግ የሚውል ሰው ነው። ምን መማር እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ሕክምና አልኩት። ሳቀና ከሚቀጥለው ክፍል ጓደኛውን ጠርቶ ‹እስቲ ድገምለት› አለኝ። ደገምኩለት። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ካፒቴኑ እንባውን እየጠረገ፣ ለእኛ ዓይነቱ ጥይት መቁጠርና የመንገድ ሰሌዳ ማንበብ ከበቂ በላይ እንደሆነ፣ ሮማ የሚባለውም ለወሬ ያህል እንደሆነ ነገረኝ። ‹ቅዳሜ መጥተህ የተጠባባቂዎቹን መሐላ ትተረጉማለህ፤ መጨረሻ ላይ አንተም ትምላለህ› ብሎ አሰናበተኝ።

ታዲዎስ ይህ ሁሉ ሲባል ግድግዳው ሥር ደረቱን ነፍቶ ፈገግ ብሎ ቆሟል። እነሱ ሲስቁ እሱም ይስቃል። እንደወጣን ‹ምን አለህ? መቼም ወዶሃል፣ እንዲያ የሚስቀው ሰው ሲወድ ነው› አለኝ። አዎ፣ ወዶኛል አልኩት። ከዚያ በላይ ቃል ላባክንበት አልፈለግሁም።

ቅዳሜ ቂርቆስ ሜዳ ላይ ብዙ ወጣት ተሰልፏል። ግማሹ ከካዛንቺስ ሥራ የማውቀው ነው። ጠብመንጃ ታደለ። ካፒቴኑ ሣጥን ላይ ወጥቶ፣ ሮማ እናታችሁ ናት፣ ንጉሡ አባታችሁ ነው፣ ለታመነ ትምህርትም ሹመትም ይሰጠዋል እያለ ተናገረና ወደ እኔ ዞረ። እዚያ እስክቆም ድረስ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር ብልሽ እመኚኝ። የካፒቴኑ ፊት ግን እንባው እስኪፈስ የሳቀብኝ ቀን ዓይነት ነበር፤ እሱን ሳይ ፍርሃቴ ወጣልኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ‹ወንድሞቼ፣ ስሙኝ። ተጠባባቂ የሚባል ነገር የለም። በፈለጉ ቀን ጭነው ወስደው ከፊት ያሰልፏችኋል፤ የምትገድሉትም ወንድማችሁን ነው። ያላመነ ሊካሳን ይጠይቅ። ትምህርት የሚባልም የለም፤ ይኸው ሰውዬ ስቆ ነግሮኛል። ጠብመንጃው ግን እጃችሁ ላይ ነው፣ ዛሬ ቤታችሁ ይዛችሁት ትገባላችሁ። ከዚያ ወዲያ ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ገብቶናል የምትሉ እሺ በሉ› አልኩ።

ከዚያ ባንድ አፍ ‹እሺ!› ብለው ሲጮኹ ካፒቴኑ በደስታ ቆቡን አነሣ። ታዲዎስስ ምን ያደረገ ይመስልሻል? አማርኛውን ከእኔ ሰምቷል። ነገር ግን እኔ የምተረጉመው ጣልያን የተናገረውን ብቻ ነው ብሎ ስላመነ፣ ጣልያን ያለው ሁሉ ትክክል ስለሆነ፣ እሱም ካፒቴኑን እያየ ‹ብራቮ! ብራቮ!› ብሎ አጨበጨበ። ሰው ራሱን እስከዚህ ድረስ ያስረክባል? በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ንቄው አላውቅም።

እኔ ግርግሩ መሀል ሳልምል ወጣሁ። ሰኞ ሲጠሩ የተሰለፈው ጥቂት ነው፤ የቀረው ጠብመንጃውን እንደያዘ ወደ የረር ተራራ ሄዷል። ታዲዎስን ይዘው ደበደቡት፤ መታጠቂያውን ፈትተው፣ ቆቡን ነጥቀው፣ ሙሉ ወታደር አድርገው በመኪና ወደ ጎጃም ጫኑት። ስሰማ ሳቅኩ። ስንት ሰው ያስገባበት ሥራ እስቲ ለእሱም ይድረሰው ብዬ።

ቤታችንን መጥተው አገላብጠው ፈተሹ፤ እማዬን ግን አላገኟትም። ማን እንዳወጣት ገምቺ። ወርቄ ናት፣ የታዲዎስ ሚስት። ያን ቅዳሜ የሠራሁትን እንደሰማች ከባሏ ቀድማ ሮጣ መጥታ፣ ነጠላ አልብሳ ወስዳ ቤቷ ደበቀቻት። የባንዳ ቤት ማንም አይፈትሽም። እናታችን ዛሬ የምታድረው፣ ምራቄን ልተፋበት ስንት ጊዜ ከደረስኩበት ጣሪያ ሥር ነው።

ትናንት ሁለቱ ተደብቄ ያለሁበት፣ ጣሪያ ያልወጣለት የካዛንቺስ ቤት ድረስ ስንቅ ይዘውልኝ መጡ። ወርቄ ዓይኗ አብጧል። እማዬም ስታለቅስ አየሁና ለዚያ ሰው ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ። አሳልፎ ሊሰጠኝ ነበር አልኳት። እማዬም፣ ‹አውቃለሁ። አንተ ንቀህ ጨርሰኸዋል፤ እኔ ደግሞ ያሳደግኩት ወንድሜ ነውና ላልቅስለት› አለች።

ለፈየራ መልሴ ይህ ነው። ላሰበልኝ እግዚአብሔር ይስጠው፤ ነገር ግን አልመጣም። በእኔ ቃል የሄዱ ሰዎች የረር ላይ ብርድ እየመታቸው እኔ ጅቡቲ ተቀምጬ ግስ ላረባ አይሆንልኝም። ነገ ወደ እነሱ እሄዳለሁ፤ ከተጠባባቂነቱም ከሙሉ ወታደርነቱም የመረጥኩት ይህን ነው። ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጥ። አገር ስትቀና ከሕፃናት ጋር መቀመጥ ቢኖርብኝም እማራለሁ። እማዬን ወደ አንቺ ልላካት ብዬ ነበር፤ ወርቄን ብቻዋን ትቼ አልሄድም ብላለች።

ፈየራን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ደራርቱን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለጀሚላ ከእነ ልጆቿ ሰላምታዬ ይድረሳት። እማዬ አንገትሽን አቅፋ ስማሻለች። ወርቄም ሰላም በልልኝ ብላኛለች፤ አንቺም ስትጽፊ ስሟን አንሥተሽ ሰላም በያት። ጎጃም ስለተጫኑት ሰዎች እዚያ የሚሰማ ወሬ ካለም ጻፊላት፤ እኔ እንደጠየቅኩ ግን አትንገሪያት።

ወንድምሽ ሀብተሥላሴ

አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ
ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.